የሰኞና የሐሙስ መኪና

የባለቤቴ ኩላሊቶች ሥራቸውን ካቆሙ ሦስተኛ ዓመታቸውን ይዘዋል። በሳምንት ሁለት ቀን፣ ሰኞና ሐሙስ፣ ደብረ ብርሃን ሄዶ ደሙ በማሽን ይታጠባል። አንድ ቀን ከዘለለ ያብጣል። ሁለት ከዘለለ ውኃው ወደ ሳንባው ይወጣል። ሐኪሙ ይህን የነገረን በመጀመሪያው ቀን ነው፤ በግልጽ ስለነገረን አመሰግነዋለሁ። ስለ መኪናዋ የምጽፈው ሁሉ ከዚህ የመጣ ነው፤ መኪና ወድጄ አይደለም።

የምንኖረው መንዝ ውስጥ ቀየት ነው። እሱ ሒሳብ አስተምሮ ጡረታ ወጣ። እኔ ትንንሾቹን ፊደል ሳስቆጥር ኖሬ ከእሱ ሕመም በኋላ ሥራዬን ለቀቅኩ። ከአባቱ የወረሰው ገብስ የሚበቅልበት መሬት አለን፣ ጥቂት በጎችም አሉን። ልጆቻችን አዲስ አበባ ናቸው።

መጀመሪያ በአውቶቡስ ነበር የምንመላለሰው። አውቶቡሱ ሰው ካልሞላ አይነሳም። ሞልቶም መንገድ ተዘግቷል ከተባለ አይነሳም። ሲመለስ ደግሞ ባለቤቴ ከማሽኑ ወርዶ ጉልበቱ የሟሸሸ ነው፤ ቆሞ የመጣበትም ቀን አለ። ስለዚህ ደብረ ብርሃን ሐኪም ቤቱ አጠገብ አንድ ክፍል ተከራይተን አራት ወር ተቀመጥን። የክፍሉ መስኮት የጎረቤትን ግድግዳ ያሳያል። ባለቤቴ ጠዋት ይነሳል፣ ግድግዳውን ያያል፣ ተመልሶ ይተኛል። በስልክ የሚያርስልንን ሰው፦ «ዘነበ? በረዶ አለው? የላይኛው ማሳስ?» ይለዋል። ስልኩን ሲዘጋ ፊቱ ይጨልማል።

«ማሽኑ ደሜን ያጥባል» አለኝ አንድ ቀን። «ይህ ክፍል ግን ይጨርሰኛል።»

እኔ ደግሞ በእነዚያ አራት ወራት መኪና መንዳት ተማርኩ። እጥበቱ አራት ሰዓት ይፈጃል፤ ያን ጊዜ በር ላይ ቆሜ ከመቁጠር ብዬ ገባሁበት። ዕድሜዬ ሃምሳ አራት ነበር። አስተማሪው እንደ ልጄ ያለ ወጣት ነው።

«እትዬ፣ እርስዎ ፍሬን ላይ አያዝኑም» ይለኝ ነበር። «መኪናዋ ምን አድርጋዎት ነው?»

ልጆቹ ተሰብስበው ተማከሩ። ቤንዚን የሚጠጣ መኪና ከውጭ መግባቱ ቆሟል፤ ቤንዚኑም ቢሆን በእኛ አገር በጀሪካን፣ በድብቅ፣ በሰው በሰው ነው የሚገኘው። ስለዚህ ትልቋ ልጃችን በኤሌክትሪክ የምትሄድ ነጭ ትንሽ መኪና ይዛልን መጣች። አቅማቸውን አሟጠው ነው የገዟት፤ እግዚአብሔር ይስጣቸው። ቤታችን ገብተን በራችንን ዘግተን ማደር ቻልን። ለዚህ ብቻ ዓመት ከመንፈቅ ሙሉ አመስግኛለሁ።

መኪናዋ በመጣች ቀን ጎረቤታችን፣ የጭነት መኪና ሹፌር የሆነው፣ ዙሪያዋን ዞረ። ጎንበስ ብሎ ከሥር አየ። የፊቱን ክዳን አስከፈተኝ።

«እትዬ፣ ሞተሯ የታለ?»

«ይህቺ ናት አሉ» አልኩት።

«ታዲያ ድምጿስ?»

«ዝም ብላ ነው የምትሄደው» አለው ባለቤቴ።

«ጋሼ፣ በዚህ አገር ዝም ብሎ የሚሄድ የበግ ሌባ ብቻ ነው።»

እውነቱን ነበር። በጎቹ መንገድ ላይ ተኝተው አይነሱላትም። የገበያ ቀን ሰው ጀርባ ደርሰን ማንም ዞር አይልም። መስኮቱን ዝቅ አድርጌ «ወንድሜ፣ አሳልፉን» እያልኩ ነው ከገበያው የምወጣው። ሴቶቹ ይስቃሉ። «ጥሩንባ የላትም እንዴ?» ይሉኛል። ጥሩንባማ አላት፤ በሽተኛ ይዤ ሰው ላይ መጮህ ግን ደስ አይለኝም።

ጽሑፏ በሙሉ ቻይንኛ ነው። ልጄ ከመስታወቱ ሥር የሚበሩትን ምልክቶች አንድ በአንድ ፎቶ አንስታ ትርጉማቸውን በአማርኛ ጽፋ ሰጠችኝ። ያንን ወረቀት ከውዳሴ ማርያሜ ውስጥ አስቀመጥኩት። ፊደል ሳስቆጥር የኖርኩ ሴት እንደገና ፊደል ቆጠርኩ። ሸክም የያዘ ሰው የሚመስለው ምልክት ባትሪው በርዶታል ማለት ነው። ኤሊ ከበራች ደግሞ ጉልበቷ አልቋል፣ ከዚህ በላይ አትሮጥም ማለት ነው።

በሰላሙ ጊዜ አኗኗራችን ይህን ይመስል ነበር። እሁድ እና ረቡዕ መብራት ካለ እሰካታለሁ። ጠዋት መቶ ይላል። ከንጋቱ አስራ አንድ ሰዓት እንነሳለን። ባለቤቴ ከኋላ ይቀመጣል፣ ጋቢውንና ባናውን ለብሶ። ባና በእኛ አገር ከበግ ሱፍ የሚሠራው ወፍራሙ ልብስ ነው፤ ማንም ሰው ያለ እሱ የመንዝን ብርድ አያልፍም። መኪናዋ ማሞቂያ አላት፣ ግን ማሞቂያው ከዚያው ከባትሪው ነው የሚበላው፤ ከፈትነው ማለት ቁጥሩን አጎደልን ማለት ነው። ስለዚህ ዘግተነው፣ ተጠቅልለን፣ ትንፋሻችን መስታወቱን እያደበዘዘው እንሄዳለን።

ፒስታው፣ አስፋልት ያልለበሰው መንገዳችን፣ ወደ ገደሉ ሲወርድ ቁጥሩ ይጨምራል። ቁልቁለት ስትወርድ ራሷን ትሞላለች። ባለቤቴ ይህን ሲያይ እንደ ተማሪ ደስ ይለው ነበር።

«አየሽ፣ ስልሳ ሁለት ነበር፣ ስልሳ አራት ሆነ። ለዘላለም ቁልቁለት ብንወርድ በሰማይ ቤት ሙሉ ሆነን እንደርሳለን።»

«ቁልቁለቱ ወደዚያ አይወስድም» አልኩት።

እንደዚያ ቀን ስቆ አያውቅም። ደብረ ብርሃን ስንደርስ አርባ አንድ፣ አርባ ሁለት ይላል። እሱን አስገብቼ መኪናዋን ወደ አንድ ወፍጮ ቤት እወስዳታለሁ። ባለቤትየዋ ጥሩ ክርስቲያን ናት። የወፍጮው መብራት ብርቱ ስለሆነ በአራት ሰዓት ለመመለሻ የሚበቃ ታገኛለች። ገመዱ የራሳችን ነው፤ ሁልጊዜ ከኋላ ይዘነው እንዞራለን። ከአንዱ ጫፉ ግድግዳ ላይ ይሰካል፣ ከሌላው ጫፉ መኪናዋ ላይ፣ መሐሉ ላይ የእጅ መጽሐፍ የምታክል ጥቁር ሳጥን አለች። ሰው ቻርጀር የሚለው እሷን ነው። ያለ እሷ መኪናዋ ከየትም መብራት አትቀበልም።

ሥጋቱ ግን ከመጀመሪያውም ነበር። መብራት ሄዶ ሁለት ቀን ይቆያል። ረቡዕ ማታ ቁጥሩ ሰባ ላይ ቆሞ ሐሙስ ሊነጋ ሲል «እንሂድ ወይስ እንቅር» የምንባባልበት ቀን ብዙ ነው። አንድ ጠዋት ደግሞ ትልቁ ባትሪ ሙሉ ሆኖ መኪናዋ ጭራሽ አልነቃም አለች። በሯም አይከፈት። ለካ ከትልቁ ሌላ ትንሽ ባትሪ አላት፤ እሷ በውርጭ ከሞተች ትልቁ ቢሞላም ዋጋ የለውም። ጎረቤታችን ሹፌሩ ከጭነት መኪናው ባትሪ በሽቦ አቀበላት።

«ይህን ሁሉ ተሸክማ ከድሃ ትለምናለች» አለ ሽቦውን ሲነቅል። «ሀብታም እንዲህ ነው።»

ሳቅን። ከዚያ ቀን ጀምሮ ግን በየሰኞና በየሐሙሱ ቁልፉን የማዞረው እየጸለይኩ ነበር። «ጌታ ሆይ፣ ዛሬን ብቻ» እላለሁ። ስትበራ «ተመስገን» እላለሁ። ሌላ ጸሎት አልነበረኝም። ለነገ መለመን ድፍረት ይመስለኝ ነበር።

ያለፈው ኅዳር ውርጩ ከወትሮው በረታ። ገብሱን ከሥር መታው። ጠዋት ስንነሳ ግቢው ጨው የተነሰነሰበት ይመስላል። መኪናዋም ቀርፋፋ ሆነች። ድሮ ከማታ እስከ ንጋት ሙሉ ትሆን የነበረችው ሰማንያ ላይ ታድራለች። ሸክም የያዘው ሰው ምልክት ሁልጊዜ ይበራል። ለልጄ ደወልኩ። «ብርድ ነው እማዬ፣ ባትሪ ብርድ አይወድም» አለችኝ።

እኔም አሰብኩበት። በመንዝ በኅዳር ውጭ የሚያድር ነገር ሁሉ ይሸፈናል። አዲስ የተወለደ ጥጃ ይሸፈናል፣ ግልገል ይሸፈናል፣ ውኃ የሚቀዳበት ቧንቧ እንኳ ጨርቅ ይጠመጠምበታል። መኪናዋን ራሷን አሮጌ ሸራ አልብሻት ነበር። ሳጥኗ ግን ከጣሪያው ጠርዝ ሥር ተንጠልጥላ ራቁቷን ታድራለች። አንድ ጠዋት ሳያት ላይዋ በውርጭ ነጥቷል። አሳዘነችኝ። መብራቱ የሚያልፈው በእሷ ውስጥ ነው፤ እሷ ከበረዳት እንዴት ያልፋል አልኩ።

ከጥግ ያለውን አሮጌ ባና ቀድጄ በሁለት ዙር ጠቀለልኳት፣ በገመድም አሰርኩት። መብራቱን ጠብቄ ሰካሁ። ከሰዓት በኋላ እጄን ከባናው ሥር ሰድጄ ነካኋት። ሞቃለች። ደስ አለኝ። ይህን ስጽፍ የሚያሳፍረኝ ደስታዬ ነው፤ እጄን እዚያ አቆይቼ እንደ ጥጃ ነበር የዳበስኳት።

ያ ማክሰኞ ነበር። ረቡዕም መብራት ስለመጣ እንደ ጠቀለልኳት ተውኳት። ሐሙስ አስራ አንድ ሰዓት ላይ ገመዱን ልነቅል ስወጣ በሩን ከፍቼ ገና ሽታው ተቀበለኝ። የበግ ጭንቅላት እሳት ላይ ሲለበለብ የሚሸተው ነው። ባናውን ስገልጠው ከውስጥ ጠቁሮ ከሳጥኗ ጋር ተጣብቋል። ሳጥኗ እንደ ሻማ ቀልጣ ተጣማለች። ገመዱን እንደምንም ነቀልኩት። የተቃጠለውን ባና ቀድጄ አወጣሁና ወስጄ ከአመድ ማፍሰሻው ሥር ቀበርኩት። ለምን ይህን እንዳስቀደምኩ ዛሬም አላውቅም። ከዚያ መኪናዋን አስነስቼ ቁጥሩን አየሁ። ሰላሳ አራት ይላል።

ባለቤቴ ለብሶ፣ ኮፍያውን አድርጎ ወጣ።

«ስንት ነው?» አለኝ።

«ሰላሳ አራት።»

ደጃፉ ላይ ቆሞ ትንሽ አሸተተ። ገብቶ ጋቢውን አወለቀ።

ሲነጋ የሠፈራችንን የመብራት ባለሙያ ጠራሁት። ቤታችን ድረስ ወፍራሙን ሽቦ የዘረጋልን እሱ ነው። ሳጥኗን በእጁ ገለበጣት፣ በጥፍሩ ፋቀ፣ የተጣበቀ ሱፍ አወጣ።

«ይህ ሱፍ ነው?» አለና አየኝ።

ዓይኔን ወደ መኪናዋ አዞርኩ። እሱም «አይጥ ጎጆ ሠርታበት ይሆናል» አለ። አውቆልኝ ነው መሰለኝ። እኔም «ይሆናል» አልኩ።

«እንዲያው በቀጥታ ሽቦ ብትቀጥልልን?» አለው ባለቤቴ።

«ጋሼ፣ ይቺ ሳጥን ከመኪናዋ ጋር የምትነጋገር ናት። ሳይነጋገሩ መኪናዋ መብራት አትቀበልም። ላታልላት ብሞክር ላቃጥላት እችላለሁ። ምጣድ ቢሆን አሁኑኑ ሠርቼልዎ በሄድኩ።»

ለልጄ ስደውል ሥራ ቦታ ነበረች። ሳጥኑ አዲስ አበባ ይገኛል፣ ዛሬውኑ ገዝቼ በአውቶቡስ እልካለሁ አለች። ገዛች። አውቶቡሱ ግን በዚያ ሳምንት ቆመ። መንገዱ ተዘግቷል ተባለ፤ እስከ መቼ እንደሆነ የሚያውቅ የለም። ሹፌሩ ጎረቤታችንም ጭኖ ወጥቶ ዓለም ከተማ ላይ ቀርቶ ነበር።

ሐሙስ አለፈ። ዓርብ ፊቱ አበጠ። ቅዳሜ መተኛት አቅቶት ግድግዳውን ተደግፎ ተቀምጦ ዋለ። ውኃ እንዳይጠጣ ተከልክሏል፤ ከንፈሩን በእርጥብ ጨርቅ አርስለት ነበር። ጾመ ነቢያት ገብቶ ነበርና እኔ ከቤተ ክርስቲያን ሳልመለስ አልቀምስም። እሱን ንስሐ አባታችን በሕመሙ ምክንያት ከጾም ፈተውታል፤ እሱ ግን በዚያ ሳምንት መብላት አስጠላው።

«ይኸው ጾምኩ» አለኝ። «አባ ፈቱኝ እንጂ እግዚአብሔር አልፈታኝም።»

እሁድ ከቅዳሴ ስመለስ በትንሽ መኪና የሄዱ ሰዎች አልፈዋል የሚል ወሬ ሰማሁ። ትንፋሹ ከበር ይሰማል። ሳላማክረው ልብሱን አለበስኩት።

«ሰላሳ አራት አያደርስም» አለኝ።

«የሚያደርስበት ድረስ ያድርሰን።»

«ከዚያስ?»

ደግፌ አስገባሁት። ነዳሁ። ቁልቁለቱ ላይ ሁለት ቁጥር ጨመረች። ዳገቱ ላይ ያንንም፣ የነበራትንም ወሰደችው። አስፋልቱ ሳይደርስ የመጨረሻው ዳገት ላይ ኤሊዋ በራች። እንደ ሰው እርምጃ ሄድን። ከዚያ እሱም ቀረ፤ መብራቶቿ ሁሉ ጠፍተው ቆመች። ድምፅ ስለሌላት መቆሟን ያወቅነው ነፋሱ ሲሰማን ነው።

ከቤተ ክርስቲያን የሚመለሱ ገበሬዎች መጡ። ምንም አልጠየቁም። ሁለቱ ሮጠው ቃሬዛ አመጡ፤ በሠፈሩ ሰው ሲታመም የሚሸከሙበት ነው። ባለቤቴን አስተኝተው፣ ስምንት ሆነው እየተቀባበሉ፣ ዳገቱን አወጡት። እኔ ከኋላ ጫማቸውን እያየሁ ተከተልኩ። ሌሎቹ መኪናዋን ገፍተው አንዱ ግቢ አስገቧት። አስፋልቱ ላይ አሸዋ የጫነ መኪና ቆመልን። ያን ቀን የረዱኝን የአንዳቸውንም ስም አልጠየቅኩም። በየቅዳሴው «የማላውቃቸውን አንተ ታውቃለህ» እያልኩ አስባቸዋለሁ።

ሐኪም ቤት ኦክስጅን አደረጉለት። በሦስት ቀን ውስጥ ሁለት ጊዜ አጠቡት። ዘጠኝ ቀን ተኛ። ሲወጣ ሐኪሙ ለብቻዬ ጠርቶ ልቡ መጎዳቱን ነገረኝ። ከእንግዲህ አንድ ቀን እንኳ ባይዘል ይሻላል አለኝ። እሺ አልኩት።

መንገዱ ሲከፈት ሳጥኑ መጣ። ሹፌሩ ጎረቤታችን ከዓለም ከተማ ተመልሶ ኖሮ ሄዶ መኪናዋን በገመድ ጎትቶ አመጣልን። ሦስት ሳምንት ገደማ ባዶዋን በውርጭ ቆማ ነበር። ሰካናት። ሁለት ሙሉ ቀን ከሌሊቱ ጋር ፈጀባት። መቶ አለች። ሰኞ ስንነሳ ግን ቁጥሩ እንደ ድሮው በእርጋታ አልወረደም፤ ከሰማንያ ወደ ስልሳ ስምንት፣ ከሰላሳ ወደ አስራ ሁለት ይዘል ጀመር። ደብረ ብርሃን የገባነው ኤሊዋ በርታ ነው።

ልጄ አዲስ አበባ ያለ ባለሙያ ጠየቀች። ባዶዋን በብርድ በመቆየቷ ከውስጥ ካሉት ባትሪዎች የተወሰኑት ሞተዋል፤ ከሥር ተከፍታ ካልታየች አይታወቅም፤ የሚከፍታትም እዚያ እንጂ በእኛ በኩል የለም፤ ቢከፍታትም የሚተካው ከውጭ የሚመጣ ነው፤ መቼ እንደሚመጣ አይታወቅም አላት። ሁሉንም በአንድ ትንፋሽ ነገረችኝና አለቀሰች።

«አባዬን ስጪኝ» አለች። «እኔ ጋ ይምጣ።»

የምትኖረው ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። አሳንሰር የለውም። ከሐኪም ቤት ከወጣ ወዲህ እሱ የቤታችንን ሁለት ደረጃ ሲወጣ መሐል ላይ ያርፋል።

«ልጄ» አላት ስልኩን ይዞ፣ «አታልቅሺ። መኪናዋ ሠርታለች። ዓመት ከመንፈቅ ቤቴ አሳድራኛለች። ከዚህ በላይ ምን ትሥራ?»

ደብረ ብርሃን ክፍል እንድንከራይ እኔ ጠየቅኩት። አንድ ጊዜ አይደለም፣ ብዙ ጊዜ። «ያንን ግድግዳ እያየሁ አልሞትም» ነው መልሱ። ሌላ መስኮት ያለው እንፈልግ አልኩት። ራሱን ነቀነቀና በጎቹን ያይ ጀመር።

በዚያ ሰሞን ንስሐ አባታችን ዘንድ ሄጄ ስለ ባናው ተናገርኩ። አረጋዊ ናቸው። ቻርጀር ምን እንደሆነ ለማስረዳት ብዙ ደከምኩ።

«አውቀሽ ነው ያቃጠልሽው?» አሉኝ።

«አይደለም አባቴ። እንዲሞቃት ብዬ ነው።»

«ታዲያ ኃጢአቱ የቱ ላይ ነው?»

«ደበቅኩት።»

«ለእግዚአብሔር ነግረሻል፤ እሱ ቀድሞም ያውቃል። ላልነገርሽው ሂጂና ንገሪ።»

ቤት ገብቼ ነገርኩት። ፀሐይ ላይ ተቀምጦ ነበር። ሁሉንም ነገርኩት፣ ሞቃለች ብዬ ደስ ያለኝን ጭምር። እስክጨርስ ጠበቀኝ።

«ሱፍ ሲቃጠል የማላውቅ የመንዝ ሰው መሰልኩሽ?» አለኝ።

«ለምን ዝም አልክ?»

«አንቺ ዝም ስላልሽ። እኔም እኮ ረቡዕ ማታ ሳጥኗን ልሸፍናት ብዬ ያንን አሮጌ ባና ፈልጌ አጣሁት። ለካ ቀድመሽኛል» አለ።

ይህን ሲለኝ ሸክሙ የሚቀለኝ መስሎኝ ነበር። አልቀለለኝም። ሁለታችንም ያው መሆናችንን ብቻ አወቅኩ። ከሁለታችን አንዳችን እንኳ የማናደርገው ቢሆን ኖሮ እያልኩ እስካሁን አስባለሁ። ይቅር ስላለኝ ግን አመሰግነዋለሁ።

በማግስቱ እንደ ጥንቱ ሒሳቡን ሠራው፤ ወረቀት አልፈለገም። መኪናዋ ቤታችን ስትሰካ ለመሙላት አሁን ሁለት ቀን ያልተቋረጠ መብራት ትፈልጋለች። መብራቱ በሳምንት ሁለት ቀን ተከታትሎ የሚመጣው ቢመጣ አንዴ ነው። አውቶቡሱ ሲገኝ እንሄድበታለን፤ ግን አውቶቡስን ሒሳቡ ውስጥ ማስገባት አይቻልም።

«ሰኞን እንያዝ» አለ። «ሐሙስን እንተወው።»

«ሐኪሙ ምን እንዳለ አልነገርኩህም እንጂ...»

«ነግሮኛል። ለብቻሽ የጠራሽ ቀን እኔንም ለብቻዬ ጠርቶኝ ነበር።»

ከዚያ ወዲህ ሰኞ ሰኞ እንሄዳለን። ደርሰን ስንመለስ ለእግዚአብሔር እጅ እንነሳለን። ሐሙስ ሲሆን በልማዴ አስራ አንድ ሰዓት ላይ እነቃለሁ፤ የምሄድበት የለኝም፤ ውዳሴ ማርያም ደግሜ ሲነጋ በጎቹን እለቃለሁ። ከሰዓት የሚያርስልን ሰው ይመጣል። ባለቤቴ የትኛው ማሳ ማረፍ እንዳለበት፣ ዘሩ የት እንደተቀመጠ፣ የትኛዋ በግ ለፋሲካ እንደሆነች ይነግረዋል። እኔም እንድሰማ ጠርቶ ያስቀምጠኛል። ለምን እንደሆነ አልጠይቀውም።

ማታ ውኃ አሙቄ እግሩን አጥባለሁ። ስጨርስ እብጠቱን ለማወቅ ቁርጭምጭሚቱ ላይ አውራ ጣቴን እጫንና አነሳለሁ። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ጣቴ የተወው ጉድጓድ ወዲያው ይሞላ ነበር። አሁን አቡነ ዘበሰማያት ደግሜ እስክጨርስ ይቆያል። ቅዳሜና እሁድ ከዚያም በላይ ነው።

«እንዴት ነው?» ይለኛል ከላይ።

«ደህና ነው» እለዋለሁ።

«ተመስገን» ይላል።

ካልሲውን አለብሰዋለሁ።